መንገድና ይሉኝታ

ከጅቡቲ ከተማ፣ ከካርቲየ 4 ተነስተን በዲኪል፣ በጋላፊና በሚሌ አድርገን አዲስ አበባ ለመግባት 900 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረብን። ከሁለታችን አንዳችንን የሽንት ፊኛ ሕመም ያስቸግረን ስለነበር፣ መኪናው በየስፍራው እንዳይቆም በማሰብ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ መጠጣት ተውን። ሾፌሩን «አቁምልን» ማለት፣ መንገደኛው ሁሉ እያየም ወደ ሜዳ መውረድ እንደ ውርደት ታየን። ባልና ሚስት ሆነን ሳለ እርስ በርሳችን እንኳ አልተነጋገርንበትም።

ጋላፊ ሳንደርስ ሕመሙ በረታ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ከእምብርት በታች እንደ ቢላዋ ይወጋ ጀመር። በመጨረሻ ይሉኝታን ጥለን አስቆምን፤ አንዳችን ለሌላችን ነጠላ ዘርግተን ጋረድን። ማንም አልሳቀም። እንዲያውም ሌሎች ሦስት መንገደኞች ተከትለውን ወረዱ።

ኋላ እንደተረዳነው ስህተታችን ሁለት ነበር። ሙቀት በበዛበት አገር ውሃ ሲያንስ የሽንት ቀለም ይጠቁራል፤ ኃይሉም በርትቶ የታመመውን ፊኛ ይለበልባል። ሽንትን አፍኖ መያዝም ሕመሙን ያብሳል። ስለዚህ ዛሬ ውሃን ጥቂት በጥቂቱ እንጎነጫለን፤ ቡናና ኮካኮላ በመንገድ ላይ አንቀምስም፤ በየሁለት ሰዓቱ እንድንወርድም ከመነሳታችን አስቀድመን ከሾፌሩ ጋር እንስማማለን። ማቃጠል፣ ትኩሳት ወይም ደም የታየ እንደሆነ ግን ጉዞው ይቆይ፤ ሐኪም ይቅደም።

ሕመሙ የአንዳችን ነበር፤ ዝምታው ግን የሁለታችን። ውድ አንባብያን፣ ጓዛችሁን ከመሸከፋችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።