ከመውቀስ በፊት መለካት

ሄርንደንን የሚያቋርጠው የዋሽንግተንና ኦልድ ዶሚኒየን መንገድ እስከ 1968 የባቡር ሐዲድ ነበር፤ ዛሬ 72 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የብስክሌተኞችና የእግረኞች ጎዳና ነው። አንድ የሃምሳ ዓመት ኢትዮጵያዊ ሐኪሙ እንቅስቃሴ ስላዘዘለት በዚያ መንዳት ጀመረ። በወሩ ጣቶቹ ደነዘዙ፣ ጉልበቱም ታመመ። ነገሩን በዕድሜው አሳብቦ ብስክሌቱን ሊሸጥ ሲል፣ ልብስ ሰፊ የሆነ ወዳጁ «ለመሆኑ ልክህን ተለክተህ ነው የገዛኸው?» አለው።

ሲለካ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ጉልበቱን ከልክ በላይ ያጥፈዋል፤ መሪው ርቆ የሰውነቱን ክብደት በመዳፉ ላይ ይጭነዋል። ኮርቻውን 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረገ፤ መሪውን የሚያርቀውን ብረት በአጭር ተካ፤ የ23 ሚሊ ሜትሩን ጎማ በ28 ለውጦ የአየር ግፊቱን ቀነሰ። ሕመሙ ቀስ በቀስ ለቀቀው።

ለአማካይ አካል የተሠራ ነገር የማይመጥነውን ሰው ደካማ ያስመስለዋል። በስደት አገር ብዙዎች ራሳቸውን የወቀሱት፣ ኮርቻቸውን ማንም ሳይለካላቸው ነው።