የጋሼ እጅና የሙቀት ካሜራው

ውጭ ያላችሁ ዘመዶች «ውሃው ምን ደረሰ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ። ውሃው ተመልሷል። ግን የምናዘዘው ነገር አለኝ።

እዚህ ካኩማ የሰፈራችንን ታንከር የሚሞሉት ሁለት ፓምፖች ናቸው። የሚጠብቋቸው ጋሼ በየማለዳው የእጃቸውን ጀርባ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ። አንድ ቀን «መምህር፣ የአንደኛው ኩሽኔታ እየሞተ ነው፤ ጻፍልኝ» አሉኝ። እንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ጻፍኩ። ግን «በእጄ ነክቼ» ያሉትን አወጣሁት። ያሳፍራል ብዬ! «መጠነኛ ድምፅ አለው» ብዬ አለሳልሼ ላክሁ። መልሱ «መደበኛ ጥገናው እስኪደርስ ጠብቁ» ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ ተቃጠለ። የቀረው አንዱ ለሁሉ አልደረሰም፤ አራት ቀን ሙሉ ጄሪካን ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ፣ ሴት ተማሪዎቼ ከክፍል ቀሩ።

አዲሱን ሞተር ሊገጥም የመጣው ቴክኒሻን የሙቀት ካሜራ ይዞ ነበር። ጋሼ «ያኛውም ጤነኛ አይደለም» አሉት። አልሳቀባቸውም። በማግስቱ ገና ፀሐይ ብረቱን ሳታሞቀው፣ ፓምፑ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ካሜራውን ደገነ። በማራገቢያው በኩል ያለው የሞተሩ ጫፍ 54 ዲግሪ፣ በፓምፑ በኩል ያለው 87! ስክሪኑ ላይ አንዱ ወይን ጠጅ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ በራ። ኩሽኔታ ግራሶ ሲያልቅበት ወይም ሲበላ ይፋተጋል፣ ይሞቃል። ካሜራው ውስጡን አያይም፤ ላይ የወጣውን ሙቀት ብቻ ነው የሚያነበው።

እሱም ቢሆን ይሳሳታል። የሚያብረቀርቀው የኩሽኔታ ክዳን ቀዝቃዛ መስሎ ታየ። የሚያብረቀርቅ ብረት የራሱን ሙቀት በጨረር የሚለቀው ጥቂት ነው፣ እንደ መስታወት የአካባቢውን ያንጸባርቃል። ቴክኒሻኑ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጠፈበት፣ ጥቂት ጠበቅን፣ ቁጥሩ ወጣ።

ለስድስት ዓመት ፎርም ፎር ክፍል ስለ ዊልያም ኸርሼል አስተምሬያለሁ። በ1800 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም በማይታይበት ቦታ ሲያስቀምጠው ይበልጥ ሞቆ አገኘው። ይህን በቃሌ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ የጋሼን እጅ ከደብዳቤ ያወጣሁት።

ኩሽኔታው በሁለት ሰዓት ሥራ ተቀየረ። ጋሼን ይቅርታ ስጠይቃቸው «ይልቅ ግራሶ አስልክልኝ» ብለው አለፉኝ። አሁን በየማለዳው የሚሉኝን ከነቀኑ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

«ምን እንላክ?» ላላችሁኝ፦ ካሜራው ውድ ነው፣ ተዉት። ትንሿ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ትበቃናለች። ግን በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ትደገን የነበረችዋ አይደለችም፤ እሷ ለሰው ገላ ስለተሠራች ከ43 ዲግሪ በላይ እምብዛም አታነብም። ለማሽን የምትሆነው፣ እስከ 300 ዲግሪ የምታነበው ትሁን። ጥቁር ፕላስተር እዚህ አለ።