አዲሱ ኩፍ ሳይል

እማዬ ቡሃቃ ስትቀይር አንድ ሕግ ነበራት። ያደግኩት ግምጃ ቤት ነው፣ አዊ ዞን፤ ክረምት ላይ ብርዱ ሊጡን ያዘገየዋል። አዲስ ቡሃቃ ከገበያ ሲመጣ ከአሮጌው እርሾ ቀንሳ ታስገባና ትንሽ አቡክታ ትጠብቃለች። አሮጌው ሊጡን እንደያዘ ጥግ ላይ ይቆያል። «አዲሱ ኩፍ ሳይል አሮጌው አይታጠብም» ትለን ነበር። እኔ የሚታየኝ ግን የቤታችን መጥበብ ብቻ ነበር።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች ላይ እሠራለሁ። ጥቂት ትልልቅ ሰርቨሮች አሉን፤ በእነሱ ላይ ደግሞ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ። ሁሉንም ከአንድ ቦታ የምናስተዳድረው በቪኤምዌር ቪሴንተር ነው። የእኛ 6.7 ነበር። የዚህ እትም መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ስለዚህ ወደ 7 ማሳደግ ነበረብን።

ሰው የሚፈራው «ሲስተም ይቆማል» የሚለውን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ቪሴንተር ሲጠፋ ቨርቹዋል ማሽኖቹ አይጠፉም፤ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የሚቆመው የእኛ የአስተዳዳሪዎቹ እጅ ነው። ማሽን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ማዛወር አንችልም፣ በቪሴንተር በኩል የሚያልፍ ባክአፕም አይሄድም። አፕግሬዱ ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው አዲሱ ቪሴንተር በጊዜያዊ አይፒ ከአሮጌው ጎን ይተከላል፤ አሮጌው እየሠራ ነው። በሁለተኛው መረጃው ይገለበጣል፣ አሮጌው ይጠፋል፣ አዲሱ ስሙንና አድራሻውን ይወርሳል። ዳውንታይም የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ቅጽ ይሞላል። ዲኤንኤሱ ከስም ወደ አይፒ፣ ከአይፒም ወደ ስም ይመልሳል? አየሁ። ሰዓቱ ትክክል ነው? አየሁ። የሩት ፓስወርዱ ጊዜው አላለፈም? አየሁ። የቪሴንተሩ ባክአፕ ተወስዷል? ወሰድኩ። «የባክአፕ ሶፍትዌሩ ከአዲሱ እትም ጋር ይስማማል?» አላየሁም። ግን «አዎ» ብዬ ፈረምኩ። አርብ ማታ ነበር፣ ደክሞኛል፣ ደግሞ እስከዛሬ ሁሌም ሠርቷል።

ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሁለተኛውን ምዕራፍ ጀመርኩ። 8 ሰዓት ሳይሞላ አዲሱ ተነሣ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ስቶሬጃችን ጠቦ ስለነበር አሮጌውን ለመሰረዝ ማውዜን «ከዲስክ አጥፋ» የሚለው ላይ አደረስኩ። እዚህ ላይ የእማዬ ቡሃቃ ትዝ አለኝ ብል ደስ ባለኝ። ያዳነኝ ግን እንቅልፍ ነው። ነገ አጠፋዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሣ የሌሊቱ ባክአፕ በሙሉ ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። የባክአፕ ሶፍትዌራችን እትም አሮጌ ነው፤ ቪሴንተር 7ን አያውቀውም። አዲሱን አጠፋሁ፣ አሮጌውን አስነሣሁ፣ የተለያዩትን ሰርቨሮች አንድ በአንድ በእጅ መልሼ አገናኘሁ። እሁድ ስለነበር ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም።

ማንም አለማወቁ ነው ሥራዬን ያከበደው። «ሶፍትዌሩ ችግር ፈጠረ» ማለት ይቻል ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም። ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሳላይ መፈረሜን ነገርኩት። አልተቆጣም። ቅጹን ትንሽ አየና «ሌላስ ምን ሳታይ ፈርመሃል?» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሳምንት የድሮ ቅጾቼን ሁሉ አወጣሁ። ሁለት አገኘሁ። ሁለቱንም ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ የባክአፕ ሶፍትዌሩን አሳደግን፣ ሞከርነው፣ ከዚያ ወደ ቪሴንተሩ ሄድን። የፈጀው ሰዓት ከፊተኛው ብዙም አይለይም። ዳውንታይምን የሚያሳጥረው የሌሊቱ ፍጥነት ሳይሆን አርብ ማታ የምትሞላዋ ቅጽ መሆኗን ያኔ ነው የገባኝ።

ለእማዬ ደውዬ በአዊኛ ነገርኳት፤ «ቪሴንተር» ብቻ ሳይተረጎም ቀረ። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«አሮጌውን አጥበኸዋል?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት።