ከዓባይ መነሻ እስከ ፋሲል ግንብ

በዊንጌት የማስተምራቸው ተማሪዎች በራይን ወንዝ ዳር ስላሉት ግንቦች ሲያነቡ ይደነቃሉ፤ መደነቃቸውም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ግንቦቹ የሚገኙበት የራይን ሸለቆ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. ቀድሞት ተመዝግቧል።

ከጉለሌ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ባሕር ዳር ያደርሳል። በዚያ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ይታያል። በጀልባ ቢሻገሩ የዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕልና የዕቃ ቤቱ ቅርስ ዓይን ያጠግባል። የዐፄ ፋሲል ዐፅም የሚገኝበት ደጋ እስጢፋኖስ ግን ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው። ጢስ ዓባይን ለማየት መስከረም ይመረጣል፤ በበጋ ውሃው ለኤሌክትሪክ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል። ከፏፏቴው በታች በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 እ.ኤ.አ. የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ የጎብኚው ቍጥር ቀንሶ፣ በጀልባና በመሪነት የሚተዳደሩ ሰዎች ተጎድተዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከመነሣትህ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ጠይቅ፤ ከደመወዝህም ከወዲሁ ጥቂት ጥቂት ቆጥብ። መንገዱ ሰላም ሲሆን የሚጠብቁህ ሰዎች አሉ።