ብረት ይረሳል፣ ዲስክ ግን አይረሳም

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አሮጌ ዕቃ ነው። «ደግሞ ስለ ቆሻሻ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ። ነገሩ ከጦር አውሮፕላን ተነስቶ እኔ እስካደግሁባት ቆቦ ድረስ ይዘልቃል።

በእኛ በራያ ቆላ ብረት አይጣልም። ቀጥቃጩ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ወስዶ ማረሻና ማጭድ ያደርገዋል። የጦር ዕቃም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የመድፍ ቀለህ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሆኖ ማየት ብርቅ አይደለም። ብረት አንዴ ቅርጹን ከለወጠ ትናንት በማን ላይ እንደተተኮሰ አይናገርም። ይረሳል።

ኤሌክትሮኒክስ ግን እንዲህ አይደለም። በክፍል እንደተማርነው አንድን ፋይል «ደለትነው» ስንል የጠፋው ማውጫው ብቻ ነው፤ መረጃው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቀመጣል። እስቲ ይህንን ወደ ጦር አውሮፕላን እንውሰደው። የአቅጣጫ መሪው ኮምፒውተር የበረራ መስመር ይይዛል። ሬዲዮው የምሥጢር ኮድ አለው። ወገንን ከጠላት የሚለየው መሣሪያም የራሱ ኮድ አለው። ታዲያ አውሮፕላኑ ጡረታ ሲወጣ ይህ ሁሉ ቦርድ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል? እንዴት ተደርጎ!

ግን ሲያመልጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ቢቲ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ከ300 በላይ ያገለገሉ ዲስኮችን ከገበያ ገዝቶ መረመረ። በአንዱ ላይ ታድ የተባለው የአሜሪካ ፀረ ሚሳይል መሣሪያ የሙከራ አሠራር ተገኘ። በዚያው ዓመት ከካናዳ የሄዱ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች (ልክ እንደኛው ተማሪዎች!) ጋና ውስጥ የገዙት ዲስክ፣ ኖርዝሮፕ ግሩማን የተባለው የጦር አውሮፕላን ሠሪ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተዋዋላቸውን ሰነዶች ይዞ ተገኘ።

ነገሩ በተቃራኒው መንገድም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት 1,800 ያህል የሐሰተኛ ዕቃ ጉዳዮችን ዘርዝሯል፤ የተጠረጠሩት ክፍሎች ብዛት ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሲ-130ጄ የተባለው የጭነት አውሮፕላን ሳይቀር ተነክቷል። ከሐሰተኞቹ መካከል ከተጣለ ቦርድ ላይ ተነቅለው፣ የፊታቸው ጽሑፍ ተፍቆ፣ እንደ አዲስ የተጻፈባቸው ቺፖች አሉ። በግዴለሽነት የተጣለ ቆሻሻ ዞሮ ዞሮ አብራሪው እጅ ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ ሥርዓት ተበጀ። ኒስት የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ሦስት ደረጃ አስቀምጧል፦ በላዩ ጽፎ ማጽዳት፣ በላቦራቶሪ እንኳ እንዳይወጣ ማጥራት፣ እና ጨርሶ ማውደም። ማግኔት የቀድሞውን ሃርድ ዲስክ ያጠፋል፤ ፍላሽና ኤስኤስዲ ግን ማግኔት አይነካቸውም፣ ለማውደም ይፈጫሉ። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ዕቃ በመለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ማን እንደተረከበውና ማን እንዳወደመው ይፈረምበታል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ቆቦ አጎቴ ሱቅ ነበርሁ። አጎቴ የሬዲዮ፣ የሞባይልና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ከሸጣቸው ብልሽት ኮምፒውተሮች ሦስቱን ገዝቶ ስለነበር አብረን ፈታናቸው። ከሁለቱ ራምና ፓወር ሰፕላይ ወጣ። የሦስተኛው ዲስክ ግን ሠራ። ስንከፍተው የሰው ስም ዝርዝር፤ ከነቀበሌው፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ ማን የት እንደተመደበ ሳይቀር።

«ዝጋው፣ ይሄ የሰው ገበና ነው» አለ አጎቴ። ትንሽ ቆይቶ «ፎርማት ብናደርገው ይጠፋል?» ሲል ጠየቀኝ።

«በተራ ፎርማት አይጠፋም ጋሼ፤ መልሶ የሚያወጣ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል።»

«እንግዲያው ይሰበር። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ አይተናል። ያኔ ይሄ ዝርዝር ሜዳ ላይ ወድቆ ቢሆንስ ኖሮ?»

ምንም መልስ አልነበረኝም። ብሎኑን ፈትተን፣ ሳህኖቹን አውጥተን በመዶሻ ቀጠቀጥናቸው። ዲስኩ ደህና ዋጋ ያወጣ ነበር፤ አጎቴ ግን አላንገራገረም። መመሪያ የሚባል ነገር አንብቦ አያውቅም፤ የሠራው ግን ሦስተኛውን ደረጃ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የዚያ ሁሉ ሰው ደኅንነት በአንድ ጠጋኝ ሕሊና ላይ መውደቁ ነው። ጨዋ ሰው መኖሩ ደግ ነው፤ ሕሊና ግን ሥርዓትን አይተካም። ሕግ የለም እንዳንል አለ፦ ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የወጣው ደንብ ቁጥር 425/2010፣ የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016። አንዱ ወገን ስለ ቆሻሻው ይናገራል፣ ሌላው ስለ መረጃው። ሁለቱ የሚገናኙት ግን ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ነው። እዚያ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 እንፈርማለን፤ በውስጡ ስላለው መረጃስ የሚፈርመው ማነው?

ይህን ለማድረግ የአየር ኃይል በጀት አያስፈልግም። ከእኛው ላቦራቶሪ እንጀምር። አሮጌ ኮምፒውተር ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት ዲስኩ ይውጣ፤ መለያ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይሰበርና ይፈረምበት፤ የተረፈው ቦርድ ፈቃድ ላለው ፈቺ ይሰጥ። የፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽኑም አይረሳ፤ እነሱም ዲስክ ሊኖራቸው ይችላል። ሥራውን እኛ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ እንጨርሰዋለን፤ መምህራኖቻችን መዝገቡን ይክፈቱልን እንጂ መዶሻው ከኛ ነው።