95 ለ0

ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት፣ ኖኣ፣ ትልልቅ ሕንፃዎች አሉት። እኛ ሐበሾች ወደ ጆርጂያ አቬኑ ስንወርድ በአጠገባቸው እናልፋለን። መሥሪያ ቤቱ ከ2006 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአርክቲክን ሁኔታ በየዓመቱ በሪፖርት ያሳውቃል። ባነበብኩት ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ሳናውቅ ቀርተን ቢሆን እጽናና ነበር፤ እያወቅን ነው ያመለጠን።

ተመራማሪው ጆርጅ ዲቮኪ ከ1975 ጀምሮ በየበጋው በሰሜን አላስካ ኩፐር ደሴት ላይ ሰፍረው ጥቁር ጊልሞት የሚባሉትን የባሕር ወፎች ሲቆጥሩ ኖረዋል። ወፎቹ የሚፈለፍሉት የባሕር ኃይል ጥሎት በሄደ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ200 ጥንድ በላይ ደረሱ። ከዚያ የባሕሩ በረዶ ከዳርቻው ራቀ፤ በሥሩ የሚኖረው ኮድ ዓሣም አብሮት ሄደ። ጫጩቶች በረሃብ አለቁ። የሚያድንበት በረዶ የቀለጠበት የዋልታ ድብ ደግሞ ደሴቲቱ ላይ እየወጣ የተረፉትን በላ። ዲቮኪ ሳጥኖቹን ድብ በማይከፍተው ፕላስቲክ ቢለውጡም ለረሃቡ መላ አልነበራቸውም። በቅርብ ዓመታት ጥንዶቹ 50 እንኳ አልሞሉም።

እስቲ ዓመቶቹን አስተያዩ። ሳይንቲስቱ ጄምስ ሃንሰን ምድር እየሞቀች መሆኗን ለሴኔት የመሰከሩት በሰኔ 1988 ነው፤ ያኔ ደሴቲቱ በወፍ ሞልታ ነበር። በሐምሌ 1997 ያው ሴኔት፣ ታዳጊ አገሮችን የማያስገድድ የልቀት ስምምነት አሜሪካ እንዳትፈርም 95 ለ0 አቋም ያዘ። አንድ የተቃወመ አልተገኘም! የኪዮቶን የልቀት ስምምነት አሜሪካ በ1998 ብትፈርምም ለሴኔት ሳይቀርብ ቀረ፤ በ2001 ፕሬዚዳንት ቡሽ ጭራሽ ተዉት። ያ ሁሉ ዕድሜ፣ ያ ሁሉ ቆጠራ እንዲህ ባከነ።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በኢትዮጵያ፣ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ነጭ ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት ከጎረቤቱ አቢጃታ ነበር። ውኃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ከረረ፣ ዓሣው አለቀ፣ ፔሊካኖቹም ጥለውት ሄዱ።

በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድርያም ዜግነት ይዛችሁ የምትመርጡ ወገኖቼ፣ ድምፃችሁን ፈልጎ የሚመጣውን ተወዳዳሪ ስለ ልቀት ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፣ ወፎቹን ለሚቆጥሩትም ገንዘብ ይመድብ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትሸኙት።