ሁለት ወላጅ ያለው ቅጂ

ጄፍሪ ቾሰር በ1400 ሲሞት «የካንተርበሪ ተረቶች»ን አልጨረሰውም። በራሱ እጅ የጻፈው አልተገኘም፤ የደረሰን ጸሐፍት ሲቀባበሉ የገለበጡት ነው።

በ1998 የኬምብሪጁ ባዮኬሚስት ክሪስቶፈር ሃው፣ የሥነ ጽሑፍ አጥኚው ፒተር ሮቢንሰንና ባልደረቦቻቸው በ«ኔቸር» መጽሔት አንድ አጭር ጥናት አወጡ። የባዝ ከተማዋ ሴት የምትተርከውን ክፍል መቅድም የያዙ 58 የ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎችን፣ የፍጥረታትን ዝምድና ለማጥናት በተሠራ ፕሮግራም መርምረው ነበር። ነገሩ ሲያስቡት ቀላል ነው። ጸሐፊ ሲሳሳት ስህተቱን ቀጣዩ ጸሐፊ ይወርሰዋል፤ በዘረ መል ላይ የደረሰ ለውጥ ለልጅ እንደሚተላለፍ ሁሉ።

ጣጣው ጸሐፊው ፊት ሁለት ቅጂ ሲኖር ነው። እስከ እኩሌታው ከአንዱ ገልብጦ፣ ያ ሲወሰድበት በሌላው ይቀጥላል፤ ወይም ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ የተሻለ የመሰለውን ይመርጣል። እንዲህ ያለው ቅጂ ሁለት ወላጅ አለው። ዛፍ ደግሞ ለአንድ ቅርንጫፍ አንድ መነሻ ብቻ ነው የሚሰጠው። ፕሮግራሙ መረብ መሣል ይችል ነበር፤ ያም ሆኖ ተመራማሪዎቹ ቅልቅል የመሰሏቸውን ቅጂዎች ከትንተናው አወጡ። በሙያው ቋንቋ ይህ ቅልቅል «ብክለት» ይባላል። ስሙ ራሱ ፍርድ ነው። ሁለት መጽሐፍ ለማመሳከር የደከመ ሰው ምኑን በከለ?

ዴቪድ ብራያንትና ቪንሰንት ሙልተን የሠሩት ኔበርኔት ለዚህ ሰው ቦታ አለው። በየሁለቱ ቅጂዎች መካከል ካለው ልዩነት ተነሥቶ ቅርብ ቅርቡን እያጎራበተ ሁሉንም በክብ ያሰልፋል። ማስረጃው ሲስማማ መስመር፣ ሲጋጭ ሳጥን ይወጣል። ሳጥን ግን ምስክር አይደለም፤ ሁለት ጸሐፍት በየፊናቸው አንድ ዓይነት ስህተት ቢሠሩም ሊታይ ይችላል። ማን ከማን እንደወሰደ የሚናገር መረብ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። እሱም ቀላል አይደለም፦ ማግነስ ቦርደዊችና ቻርልስ ሴምፕል በ2007 እንዳሳዩት፣ ሁለት ዛፎችን ብቻ በትንሹ ቅልቅል የሚያስታርቅ መረብ መፈለግ እንኳ ፈጣን መፍትሔ ካልተገኘላቸው ችግሮች ወገን ነው።

(አማርኛ ትውልድን ሲቆጥር «የዘር ሐረግ» ማለቱ ደስ ይላል። ሐረግ ይጠማዘዛል፣ ከሌላው ጋር ይጠላለፋል። በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስ ላይ የሚሣለው ጥልፍልፍ ጌጥም ሐረግ ነው የሚባለው።)

የግዕዝ ወንጌልም ከዚህ ጣጣ አያመልጥም። መጀመሪያ ከግሪክ ተተረጎመ፤ ከዘመናት በኋላ ታረመ፤ የዐረብኛ ንባብም ገባበት። ከማቴዎስ ቅጂዎች መካከል አሮጌውንና የታረመውን ንባብ አጣምረው የያዙ አሉ። አንዱን መጣል ያልወደደ ጸሐፊ ሁለቱንም ጽፏቸዋል።